አጵሎስ የሚያሳጥረው ትርጉም

ምሕረቱ ወዳጄ፣ ሰላምህ ይብዛልኝ።

በዚህ ፖስት ካርድ ፎቶ ላይ ያለው የጆሃንስበርጉ የሂልብሮው ግንብ ከምታከምበት ክፍል መስኮት ይታያል። የያዘኝ ካንሰር ከስንት ሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ ነው፤ ሰውነትን እንዲጠብቁ የተፈጠሩት ሴሎች ናቸው የከዱኝ። እኔ ግን አብልጬ የጠረጠርኩት አስተርጓሚዬን፣ የአጎቴን ልጅ አጵሎስን ነው። ዶክተሯ ሩብ ሰዓት ታወራለች፤ እሱ «በርታ፣ ትድናለህ ብላለች» ብሎ ይጨርሳል። እኛ አገር ሆሳዕና ለታማሚ ቁርጡ እንደማይነገር ታውቃለህ።

ዛሬ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ካለው ሱቁ ተደውሎለት ሲወጣ ጠብቄ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ራሴ ጠየቅኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይህን በሽታ ያየሁት በሦስት ሰው ላይ ብቻ ነው። የምትወስደው ክኒን ለአንዱ ሠርቷል። ላንተ ይሥራ አይሥራ አላውቅም፤ ከሦስት ወር በኋላ በምርመራ እናያለን» አለችኝ።

አጵሎስ ሲመለስ ለሱም ያንኑ ደገመችለት።

«ትድናለህ ነው የምትለው» አለኝ፣ ጫማውን እያየ። «እሺ» አልኩት።

ካርዱ ሞላብኝ። ልጅህን ፊቤን ሳምልኝ። እናቴም የተጻፈውን አንብብልኝ ማለቷ አይቀርም። ዶክተሯ ይድናል ብላለች በላት።

በላይነህ