ሞተሩ እንዳይበላሽ

ለውዴ ለበላይ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ነው። ጉና ዛሬም ከነደመናው ነው የዋለው፤ የደብረ ታቦርን ብርድ ታውቀዋለህ። አንተ ካለህበት ብርድ የለም ይላሉ የንስሐ አባታችን መምሬ ሞላ። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ብርድ ልብሱን ወደ አንተ በኩል መጎተቴን አልተውኩም። ጠዋት ስነሳ ግማሹ መሬት ወድቆ አገኘዋለሁ።

የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም። በሕይወት ሳለህ የሚበቃህን ያህል ወቅሼሃለሁ። የምጽፍልህ አደራህ መድረሱን ልነግርህ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ልብህ ደክሞ ድምፅህም ሲያንስ፣ እጄን ይዘህ «እንጉዳይ፣ ጫኔን አደራ። ሳይቆርብ እንዳይቀር» አልከኝ። ሌላው ሰው ልጁን፣ ቤቱን፣ ከብቱን አደራ ይላል። አንተ ግን በፊት ለዓመታት በጠላትነት ስታየው የኖርከውን ሰው አደራ አልከኝ። ዛሬ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ግን እንደምታውቀኝ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ቁም ነገር ላይ አልደርስምና ከቤቱ ልጀምር።

ወፍጮአችን ደህና ነው። ልጅህ ማስተዋል ይዛዋለች። «ሴት ልጅ ደግሞ ወፍጮ ታስነሳለች?» ያሉት ሁሉ አሁን ተሰልፈው ይጠብቋታል። ስትጣራ ድምፅዋ ቁርጥ ያንተ ነው፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ያንተ አይደለም፣ ተመስገን ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ያንን አሮጌ የናፍጣ ሞተር ታስነሳና ሰፈሩን በሙሉ ትቀሰቅሳለች። ደጁ ላይ የተከልካት ወይራ ከጣሪያው በለጠች። ይፋግ ያለችው እህትህ በሙት ዓመትህ መጥታ ስታያት ወንድሟን ያየች ያህል አቅፋ ሳመቻት። ያን ቀን ብዙ አለቀስን፣ ብዙም ሳቅን።

የሳቅነው የድሮውን በላይ እያነሳን ነው። አይ አንተ ሰውዬ! አሸዋው ያልተለቀመ ጤፍ ያመጣች ሴት ወየውላት፤ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ብትመጣም አትምራትም ነበር። ሰዉ «ወፍጮውስ ጥሩ ነበር፣ ሰውዬው ነው እንጂ» ይል ነበር። እኔም እሰማለሁ፣ ሰምቼም እውነት ነው እላለሁ።

ከተጋባን ጀምሮ የለመንኩህ አንድ ነገር ነበር፤ አብረን እንድንቆርብ። ባለ ትዳር ብቻውን አይቆርብምና አንተን መጠበቅ ነበረብኝ። ማስተዋል ሕፃን ሳለች ታቅፌያት እስከ መቅደሱ ደጅ እደርስ ነበር። እሷ ትቀበላለች፣ እኔ አፏን በነጠላዬ ሸፍኜ እመለሳለሁ። ከዚያ የቀረበውን ማዕድ ለልጄ አጉርሼ እኔ ጾሜን ወደ ቤት መምጣት ይከብደኝ ነበር። ስነግርህ «መጀመሪያ ሰው ልሁን፣ ከዚያ እቆርባለሁ» ትላለህ። «ደግሞ እኔ ነጭ የምለብሰው ዱቄት ሲበዛብኝ ነው» ብለህ ትቀልድብኛለህ። በእኛ አገር ቁርባን የሽማግሌ ነው ይባል የለ? ምላስ ሲደክምና ጉልበት ሲከዳ ማለት ነው። አንተም ያን ቀን ትጠብቅ ነበር። ታጥቦ ንጹሕ እስኪሆን ወደ ወንዝ አልወርድም የሚል ሰው ምን ይባላል ብዬ እጠይቅህ ነበር።

ከዚያ ጫኔ ከእኛ በታች፣ ወደ ገበያው መውረጃ ላይ ወፍጮ ከፈተ። ዓለም ጠበበችህ። የወፍጮ ድንጋይ ሲዶለድም ይወቀራል፤ ከተወቀረ በኋላ ደግሞ አሸዋው እስኪጠራ መጀመሪያ ፉርሽካ ይፈጭበታል። ይህን የማያውቅ ባለ ወፍጮ የለም። አንተ ግን «ጫኔ ወቅሮ ሳያጠራ ነው የሚፈጨው፤ ዱቄቱ ጥርስ ይሰብራል» ብለህ አስወራህ። ከወፍጮ ቤት የወጣ ወሬ ደግሞ በየሌማቱ ነው የሚገባው። ከአንበሳሜ በኩል እህል ጭነው የሚመጡት ሳይቀሩ ሰሙት። ጫኔ ደጁ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ በፊቱ እያለፈ ወደ እኛ ሲወጣ ያይ ነበር። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣም ያውቃል። እባክህ ተው ብዬህ አልሰማህም።

ምላስህን የቀጣው ቺንጋው ነው። እርጥብ ገብስ ያመጣች ሴት ላይ ዞረህ እየጮህክ ሳለ ሞተሩንና ድንጋዩን የሚያገናኘው ቺንጋ እጅጌህን ያዘው። ቀኝ እጅህ ተሰበረ። ለመቆረጥ እንዳልደረሰ ሲነግሩን ተመስገን አልን፣ ወፍጮው ግን ተዘጋ። ማስተዋል ገና ተማሪ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ሞተር ማስነሳት አላውቅም ነበር። አንተ ጋደም ብለህ ጣሪያውን ስታይ ትውል ነበር።

ከአልጋህ ሆነህ የራስህን ወፍጮ ድምፅ የሰማህበትን ጠዋት ታስታውሳለህ? ሌባ ገባ ብለህ በአንድ እጅህ ልትነሳ ታገልክ። ጫኔ ነበር። በማለዳ መጥቶ ቁልፍ ጠየቀኝ፣ እኔም ምንም ሳልጠይቀው ሰጠሁት። የሰዉን እህል ፈጨ፣ ቤቱን ጠረገ፣ ቁልፉን መልሶልኝ ወደ ራሱ ወፍጮ ወረደ። በማግስቱም መጣ። ከዚያም ወዲያ መጣ። አስጠራኸው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ በር ላይ ቆመ። «ምን አድርጌልህ ነው?» አልከው። እሱም መሬት መሬት እያየ «ምንም። ሞተር ሳይሠራ ከከረመ ይበላሻል ብዬ ነው» አለህ። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ፣ ትከሻህም ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በትዳራችን ዘመን ስታለቅስ ያየሁህ ያን ጊዜ ነው።

መምሬ ሞላን አስጠርተህ ከባድ ቀኖና ይስጡኝ ብለህ ለመንካቸው። ጾሙንም፣ ስግደቱንም፣ ገዳም ለገዳም በእግር መዞሩንም አንተው ደረደርክላቸው። በገበያ ዋጋውን ራሱ የሚያስወድድ ገዢ አንተን አየሁ። እሳቸው ቀለል ያለውን ሰጡህ። ስታጉረመርም «ልጄ፣ ከፍለህ የምትጨርሰው ቢሆን ኖሮ እሱ ባልተሰቀለልህ። ዝም ብለህ ተቀበል» አሉህ። ዝም ብሎ መቀበልን የመሰለ ከባድ ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ድንጋይ ፍለጥ ቢሉህ ይቀልህ ነበር።

ክንድህ ገና በጨርቅ እንደታሰረ፣ የቅዳሜ ገበያተኛ ደጃችንን በሞላበት ሰዓት ወጥተህ ቆምክ። «የጫኔ ዱቄት አሸዋ የለውም። አሸዋው ያለው እኔ አፍ ውስጥ ነበር» አልክ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ እልል ልበል አልበል ብላ አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ በኋላ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጄህ ክንድህን ስነክርልህ ስለ ክንድህ አታወራም፤ «መቼ ነው የምንቆርበው?» ብቻ ነበር ወሬህ። ስንት ዘመን የለመንኩህን አንተ ትለምነኝ ጀመር። ትንሽ ላስለምንህ አሰብኩና ሆዴ አልችል አለ።

የቆረብነው በዚሁ በደብረ ታቦር በዓል ነው። ነጭ ለበስክ፤ አንዲት ቅንጣት ዱቄት አልነበረብህም። ጎረቤቱ «ምነው፣ ታመዋል እንዴ?» እያለ በሹክሹክታ ይጠይቀኝ ነበር። ባልና ሚስት በደህና ጊዜያቸው ሲቆርቡ አይቶ አያውቅማ። ታመንስ ነበር፣ የዳንነው ያን ዕለት ነው።

ልብህ ተለወጠ፤ ጠባይህ ግን በአንድ ቀን አልተለወጠም፣ ይህንንም ለእውነት ስል እጽፈዋለሁ። ቁጣው ይመጣል፣ ፊትህ ይቀላል፣ ቃሉ ጉሮሮህ ላይ ሲደርስ ትውጠዋለህ። ከዚያ ምን እንደምታደርግ ሲጠፋህ የሴትየዋን ጆንያ ተሸክመህ እስከ መንገድ ትሸኛታለህ። ሴቶቹም ነቁብህ። «እባክሽ ጋሽ በላይን አናጂልኝ፣ ዛሬ ሸክሜ ከባድ ነው» ይባባሉ ነበር። ሰምተህ ከእነሱ ጋር ስትስቅ፣ ያገባሁትን ሰው ገና ያወቅሁት መሰለኝ። እነዚያን ዓመታት ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመስግኜ አልጠግብም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረህ፤ ጫኔ። እንደ ወንድምህ ሆኖ ሳለ ቁርባን ስታነሳበት «እኔ ገና ነኝ» ይልሃል። ያን የመሰለ ደግ ሰው ምን ቀረው እያልክ ታዝን ነበር። ሳይገባህ ሄድክ፣ አደራውም እኔ ላይ ወደቀ።

ዘንድሮ ጫኔ ወገቡን ታመመ። ጎንበስ ማለት አቃተው፣ ልጆቹ ሩቅ ናቸው፣ ወፍጮው ተዘጋ። እኔ ምን ልጠብቅ? በማለዳ ሄጄ ከሚስቱ ከይታይሽ ቁልፉን ተቀበልኩ። አሁን ሞተር ማስነሳት አውቃለሁ፤ ልጅህ አስተምራኛለች። ጠዋት እኔ እፈጫለሁ፣ ከሰዓት ማስተዋል ትተካኛለች። ጫኔ አስጠራኝና «እንጉዳይ፣ ምን አድርጌላችሁ ነው?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበርና «ሞተር ሳይሠራ ከከረመ ይበላሻል ብዬ ነው፣ ጋሽ ጫኔ» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ከጋቢው ሥር ሆኖ «ያን ቃል አትጥሪብኝ» አለኝና ነገረኝ። ያኔ የመጣው ሊረዳህ አልነበረም። «አልጋ ላይ ሆኖ የኔን ሥራ እየሰማ ይቃጠል» ብሎ ነው የመጣው። አገር ሁሉ «ያን ያህል በድሎት እሱ ግን ይፈጭለታል» እንዲልለት ነው ደጁን የጠረገው። ስታለቅስ ባየ ጊዜ ግን የያዘው ቂም ከእጁ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው በእውነት ነው። ሰው ሁሉ ያንን ጠዋት እያነሳ ሲያመሰግነው እሱ ይቃጠል ነበር። «ደግነቴ ከቂም የተወለደ ነው፤ ምን ይዤ ልቅረብ?» አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደሜ ፈላ። ደህና ይዋሉ እንኳ ሳልለው ወጣሁ። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ ያዞርክበት ያ ጠዋት ለእኔ ከታቦት የማይተናነስ ነበር፤ ውስጡ መርዝ ነበረበት ሲለኝ የተሰረቅሁ መሰለኝ። በማግስቱ የወፍጮውን ቁልፍ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ልክፈት ወይስ መልሼ ለይታይሽ ልስጣት? ሴቶቹ ጆንያቸውን አውርደው እኔን ያዩኛል። ያን ጊዜ አንተን አሰብኩ። አንተም የሚገባህ ሆኖ አይደለም ምሕረቱን የተቀበልከው። እኔስ ብሆን ምን ከፍዬ ነው በላይን ሁለት ጊዜ ያገኘሁት? ጫኔ ይዞ የመጣው ቂም ነበር፣ በእኛ ቤት የደረሰው ግን ምሕረት ነው። በመካከል ላይ የሠራ ሌላ አለ ማለት ነው። ከፈትኩና ሞተሩን አስነሳሁ።

ፈጭቼ ስጨርስ ከነዱቄቴ ገባሁና «ጋሽ ጫኔ፣ በላይ በምላሱ በደለዎት፣ አንቱም በደግነት ሊበቀሉት መጡ። እግዜር ሁለታችሁንም አንድ ላይ ፈጭቶ አንድ ዱቄት አደረጋችሁ። አሁን ማን ይለየዋል?» አልኩት። እሱም ወገቡን ይዞ ሳቀ፤ እያመመው ሳቀ። «በላይ ይህን ሰምቶ ቢሆን ምን ይለኝ ነበር?» ሲለኝ «ቁጣው ይመጣና ይውጠዋል፣ ከዚያ ጆንያዎን ይሸከማል» አልኩት። በዚያው ሳምንት ለመምሬ ሞላ ሰው ላከ።

ዛሬ ጠዋት ቆረበ፣ በላይ። በዱላ ተደግፎ፣ ይታይሽን ከጎኑ አድርጎ፣ ነጭ ለብሶ። እኔም ከኋላቸው ሆኜ ተቀበልኩ። ከጎኔ ያንተ ቦታ ባዶ ነበር፤ አየሁት፣ አለቀስኩም፣ ግን አላስፈራኝም። ስንወጣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ነበርና መነጋገር አልቻልንም። ጫኔ ዓይኑ እንባ ሞልቶ እጄን ያዘና ጠበቅ አደረገው። አደራ ስትለኝ የያዝከው እጅ ነው።

ነገ በማለዳ ሁለት ወፍጮ አስነሳለሁ። በእኛም፣ በጫኔም፣ ማብሪያውን ከመጫኔ በፊት በክርስትና ስምህ እጠራሃለሁ፤ አምላኬ ሆይ፣ ኃይለ ኢየሱስን አስበው እላለሁ። እጄ ሞተር ማስነሳት እስኪያቅተው ድረስ አንድም ቀን አልዘልም። ከዚያ በኋላ ማስተዋል ትልልኛለች፣ ነግሬያታለሁ።

ያንተው እንጉዳይ