የላሟን ነገር ለምን አልነገርካቸውም?

ሰይድዬ፣

ተቆጥቼም ቢሆን ሰላምታህን አልነፍግህምና፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አንተ ከተለየኸን ወዲህ ገብሱ ተዘርቶ፣ አሽቶ፣ ታጭዷል። እኔም የመበለትነት ዒዳዬን ጨርሼ ደጅ መውጣት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህን ያስፋልህ። በየሶላቱ ዱዓዬ ይኸው ነው። ከዱዓው ቀጥሎ ግን ንዴቴ ይመጣል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ እሱን ካንተ ሌላ ለማን እነግረዋለሁ?

በቀብርህ ቀን ወንድምህ አያ ሁሴን ከጀናዛው ሶላት በፊት ቆመው፣ በሰይድ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፣ አለዚያም አፉ ይበለው ብለው ጠየቁ አሉኝ። ክር በዱቤ የሚሰጥህ ነጋዴ የቀረበትን አፉ አለህ። ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ከሁሉም የበለጠ ሐቅ ያለኝ እኔ ሆኜ ሳለ፣ ደጁን ገፋ አድርጎ አንቺስ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያማ ምን ሆነ መሰለህ። ዒዳ ላይ ስለሆንኩ ከቤት እንደማልወጣ እያወቁ፣ አያ ሁሴን የስፌት መኪናዋን ከበረንዳችን አስነስተው ገበያው አጠገብ ወዳለው ሱቃቸው ወሰዷት። ሌላ ሰፊም ቀጠሩባት። በመስኮት ቆሜ አየሁ። ለገና ላሊበላ የሚሄዱት ክርስቲያኖች ከመላው ሙጃ መጥተው ነጠላቸውን የሚያስቀመቅሙት ካንተ ዘንድ አልነበር? ዘንድሮ በደጄ እያለፉ ወደ እሳቸው ሄዱ።

ገቢው የቤቱ ነው፣ ሁላችንም ከአንድ ድስት አይደል የምንበላው አሉኝ። እሺ፣ ከአንድ ድስት እንብላ። ታዲያ ልጅህ ሰሚራ ደብተር ስትፈልግ፣ የታናሽዋ ጫማ ሲቀደድ፣ ለምን እንደ ለማኝ ደጃቸው ላይ እቆማለሁ? ቤቱ አንድ የሚሆነው ሲያስገባ ብቻ ነው፤ ማውጣት ሲመጣ ልጆችሽ ይባላል።

የዚያችን መኪና ነገር አንተ ታውቃለህ። የኒካሃችን ዕለት ጥሎሽ ብለህ የሰጠኸኝ መህሬ ቡሬ ጊደር ነበረች። አድጋ፣ ወልዳ፣ ወተቷን መጠጣት ስንጀምር ነው፣ ከካቡ ጥግ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ዓይን ዓይኔን ማየት ፈርተህ፣ ላሟን ሸጠን የስፌት መኪና ብንገዛስ ያልከኝ። ላምሽን እመልስልሻለሁ ብለህም በእናትህ ፊት ቃል ገባህልኝ። እኔም ሳቅሁብህ፤ መጀመሪያ ጣትህን ሳትወጋ መስፋት ቻል አልኩህ። ከወልድያ በጭነት መኪና ላይ አቅፈሃት ስትመጣ እንደ ሙሽራ እልል ብለን ተቀበልናት። ለወንድሞችህ ግን ከራሴ ቁጠባ ገዛኋት አልካቸው። በሚስቱ ላም ሰው ሆነ እንዳይሉህ ፈርተህ! እኔም ገመናህን ሸፈንኩልህ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ኧረ ይነቅዛል፣ ሰይዴ! ነቅዞ የልጆችህን ጉርሻ ሊበላ ነበር።

መቼም ቢቸግረኝ ሽማግሌ ጠራሁ። ሼኹም መጡ። የላሟን ነገር ስናገር አያ ሁሴን ሳቁ፤ ወንድሜ ይህን ያህል ነገር አይደብቀኝም አሉ። ሼኹ ምስክር ጠየቁኝ። ምስክሬ እናትህ ብቻ ናቸው፤ የሚጦሯቸው ደግሞ አያ ሁሴን። ቢናገሩ የሞተውን ልጃቸውን ያሳፍራሉ፣ ያለውን ያስቀይማሉ። ሙስበሃቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያቀረቅሩ፣ በቃ አለቀልኝ አልኩ። ኋላ ቀና ብለው፣ ሰይድ በፊቴ ነው ቃል የገባላት፣ የላሟን ገመድ ፈትቼ የሰጠሁትም እኔው ነኝ፣ ልጄ ዕዳ ተሸክሞ እንዲተኛ አልፈልግም አሉ። ከዚያ በነጠላቸው ተሸፍነው አለቀሱ።

ሼኹ ዕዳ ከውርስ ይቀድማል ብለው መኪናዋን በላሟ ፈንታ ፈረዱልኝ። አያ ሁሴንንም፣ አጎት ባለበት አባቱ የሞተበት የቲም ልጅ ቀለብ በእናቲቱ መርፌ ላይ ብቻ አይጣልም አሏቸው። እሳቸውም ቀለቡን መላክ ጀምረዋል፤ ሰላምታዬን የሚመልሱት ግን መሬት መሬት እያዩ ነው። እናትህ አልጋቸውን ወደ እኔ ቤት አዛውረዋል። ቀን ቀን በረንዳው ላይ ከጎኔ ሆነው የተሰፋውን ያጣጥፉልኛል። ሰሚራም መርገጫውን ለምዳለች።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፣ አንድ ቃል! ታመህ በተኛህበት ሰሞን እንኳ አያ ሁሴን ከራስጌህ አይጠፉም ነበር። ከጓዳ ሆኜ ስሰማችሁ የምታወሩት ስለ በግ ነው። ስለ በግ!

የላሟ ሐቅ ተከፍሏል፤ ከሱ ነጻ ነህ፣ እናትህም እንቅልፍ አግኝተዋል። የዝምታህን ግን ሼኹ አይፈርዱልኝም፣ ወንድምህም አይከፍሉልህም። እሱን አፉ ማለት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ልለው እነሳለሁ፣ ሳልለው ተመልሼ መርፌዬን አነሳለሁ። ትንሽ ታገሰኝ። እስከዚያው ትረሳኝ ይሆን ብለህ አትስጋ፣ ሰይድዬ። ባለዕዳ ይረሳ ይሆናል፣ ባለሐቅ ግን አይረሳም።

ዘሀራህ