«እመለሳለሁ» የምትለው ቁልፍ

ውድ ዘገምተኛ፣

በቅጽል ስምዎ መጥራቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ሌላ ስምዎን አላውቀውም። የተመዘገቡበት የኢሜይል አድራሻ ተዘግቷል። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱም ተመልሶብኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጨዋታው መግቢያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ በእርስዎ ስምና የይለፍ ቃል ካልተገባ አይከፈትም። መቼ እንደሚያገኙት፣ ጨርሶ ያገኙት እንደሆነም አላውቅም።

እኔ ለሦስት ዓመት ሐሳብ ሲልኩላት የነበረችው ሰው ነኝ። እርስዎ የሚጫወቱትን የመንደርና የጦርነት ጨዋታ የምንሠራው አምስት ሰዎች ነን። ቢሯችን ከማተሚያ ቤት በላይ ነው፤ ታች የወረቀት መቁረጫው ሲወርድ የእኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። ሥራዬ ተጫዋቾች «ይህ ቢሻሻል» ብለው የሚልኩትን እያነበብኩ ምልክት ማድረግ ነው። ምልክቶቹ አራት ናቸው፤ «ይሠራ»፣ «ይታይ»፣ «አይሠራም» እና «ቀልድ»። ለላኪው የሚደርሰው መልስ ግን አንድ ብቻ ነው፤ «ሐሳብዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።» እርስዎ ይህንኑ መልስ አንድ መቶ አርባ ሰባት ጊዜ ተቀብለዋል።

የመጀመሪያው ሐሳብዎ ትዝ ይለኛል። «ጎተራው ሦስት መቶ አርባ ጆንያ እህል አለህ ይለኛል። ሦስት መቶ አርባ ጆንያ ምን ያደርግልኛል? ለስንት ቀን እንደሚበቃኝ ንገሩኝ።» ይኸው ነው፤ ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባልደረባችን፣ ጺሙ ነው የምንለው፣ ወንበሩን አዙሮ «እንዴ! ይህን ከእኛ አንዳችንም አላየነውም?» አለ። በሳምንቱ ጎተራው ላይ የቀን ቁጥር ጻፍንበት። ተጫዋቾቹ ወደዱት። ሐሳቡ ከማን እንደመጣ ግን ለማንም አልነገርንም፤ ለእርስዎም ጭምር።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ መጻፍ ጀመሩ። «ትእዛዝ መስጫዎቹን በግራ እጅ ብቻ የሚደረስባቸው አድርጓቸው፤ ቀኝ እጄ ሥራ ላይ ነው።» «የጥቃቱን ደወል በብልጭታ ቀይሩልኝ፤ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው አለ።» «ከወንበሬ ተነስቼ ስመለስ ካርታው ትቼው የሄድኩበት ቦታ ይጠብቀኝ፤ ራሴን መፈለግ ሰልችቶኛል።»

እኔ ደግሞ የሰው ነገር ውስጥ ጥልቅ ማለት ልማዴ ነው። እናቴ «አንቺ የሰው ድስት ሳትከፍቺ አታልፊም» ትለኝ ነበር፤ ውሸቷን አይደለም። ሐሳቦችዎን እያነበብኩ እርስዎ ማን እንደሆኑ መገመት ያዝኩ። ሕፃን ያቀፈች እናት ናት አልኩ። ጺሙ ክንዱ የተሰበረ ተማሪ ነው አለ። አለቃችን፣ ሁሉም ነገር ከሥራ ጋር የሚታያት ሴት ናት፣ «በሥራ ሰዓቱ ተደብቆ የሚጫወት የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ በቀኝ እጁ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ይዟል» ብላ ደመደመች። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ የምንከራከረው ስለ እርስዎ ሆነ። አጫዋወትዎም አልቀረልዎትም። ጺሙ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ግን እንቁላሉ ላይ ተኝቶበታል» ሲል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ አልክድም።

አንድ መቶ አርባ ስድስተኛው ሐሳብዎ እንዲህ ይላል፤ «ጨዋታው መሐል ስነሳ ተጋጣሚዬ ሸሸ እንዳይለኝ ‹እመለሳለሁ› የምትል አንዲት ቁልፍ ስጡኝ። ለራሴ ብዬ አይደለም። የሚጠብቀው ሰው እንዲያውቅ ነው።» እኔ «አይሠራም» የሚለውን ምልክት አደረግሁበት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የጨዋታውን ፍጥነት ይቀንሳል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ መቶ አርባ ሰባተኛው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ስለ ቁልፏ አሰባችሁበት?» አላሰብንበትም ነበር።

ያኔ የሐሳብ ሳጥኑ በሌላ አቤቱታ ተጥለቅልቆ ነበር። «ተጋጣሚዬ መሸነፉን ሲያይ ጨዋታውን ክፍት ትቶት ይሄዳል፤ እኔ ባዶ መንደር ላይ አፍጥጬ እቀራለሁ» የሚሉ በየቀኑ ይመጡ ነበር። መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ደቂቃ ምንም ሳይነካ የቆየ ተጫዋች እንደ ተሸናፊ ይቆጠር፤ ሦስት ጊዜ ከደጋገመው ስሙ አጠገብ «ሸሺ» የሚል ይጻፍበትና ለሦስት ወር ከሰው ጋር እንዳይጋጠም ይታገድ። አለቃችን «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። አቤቱታው በግማሽ ቀነሰ። ጺሙም «ወይዘሪት ሦስት ደቂቃ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ደስ ብሎኝ ተጠራሁበት።

ሦስት ደቂቃን ከየት አመጣሽው ቢሉኝ፣ ያኔ ለአለቃዬ «ጥናት አድርጌ ነው» ብያታለሁ። ለእርስዎ እውነቱን ልንገርዎት። ባዶ መንደር ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ እስኪሰለቸኝ አየሁት፣ ሲሰለቸኝ ሰዓቴን ተመለከትኩ። የራሴን ትዕግሥት ለካሁና ለሰው ሁሉ ሕግ አደረግሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም፤ መልቀሙ ግን ገና አልተጀመረም ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ሐሙስ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ እርስዎ የሉም። በሚቀጥለውም የሉም። መጀመሪያ «ሰለቸው» አልን። በአምስተኛው ሐሙስ የምሳ ሰዓት ክርክራችን መቅረቱ ለእኔ ብቻ እንዳልታየኝ ገባኝ፤ ጺሙ ዳቦውን እያኘከ «ያ የእንቁላሉ ሰውዬ ደህና ይሆን?» አለ።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ነውና የድሮ ጨዋታዎችዎን ቅጂ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። ቅጂው እንደሚቀመጥ ያውቁ ነበር? ሁሉም አለ። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እንደሚጫወቱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጥድፊያ ከሚባለው ጋር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ጥድፊያ እንደ ስሙ ነው፤ ፈረሰኛ ይወዳል፣ በሩን ሰብሮ ይገባል። በአንደኛው ጨዋታ አርባ ፈረሰኞቹ በርዎ ላይ ደርሰዋል፣ በሩ ክፍት ነው፣ እርስዎ ግን የሉም። ገበሬዎችዎ ቆመዋል። አለቀለት ብዬ ጠበቅሁ። ፈረሰኞቹ ግን ዞር አሉና ከበሩ ወጣ ብላ ያለችውን ትልቅ ዛፍ መዞር ጀመሩ። ዞሩ፣ ዞሩ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዞሩ።

ከዚያ እርስዎ ተመለሱ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር በሩን መዝጋት አልነበረም። አንድ ገበሬ ወደ ዛፏ ላኩና አቆሙት። ፈረሰኞቹም ቆሙ። ወዲያው ጥድፊያ ያለ ርኅራኄ ገብቶ መንደርዎን አጠፋው። ብቻዬን በሳቅ ፈረስኩ። ሌላም ከፈትኩ፤ እዚያም ዛፍ አለ፣ እዚያም ይዞራሉ። የዛፉን ነገር የጨዋታው ሠሪዎች እኛ አላስተማርናችሁም። ራሳችሁ ናችሁ የፈጠራችሁት።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ስከፍት ግን ሳቁ ጠፋ። ሦስቱም ላይ ፈረሰኞቹ ዛፏን እየዞሩ ሳለ የእኔ ጽሑፍ ይወጣል፤ «ሦስት ደቂቃ አልፏል። ዘገምተኛ ሸሽቷል። ጥድፊያ አሸንፏል።» ከጨዋታው መዘጋት በኋላ የተጫኑ ቁልፎች ሁሉ ይመዘገባሉ። በሦስተኛው ጨዋታ እርስዎ የተመለሱት ከአርባ ሰከንድ በኋላ ነው። የተዘጋውን ጨዋታ አሥራ አንድ ጊዜ ተጭነውታል። ከዚያ በኋላ ገብተው አያውቁም።

የጥድፊያን ስም ይዤ ሳጥኑን በረበርኩ። አንዲት ጽሑፍ አገኘሁ፤ «ማሸነፍ አልፈልግም። ድሌን ውሰዱና ሰውዬውን መልሱልኝ።» አጠገቧ የእኔ ምልክት አለ፤ «ቀልድ»።

ስልክ ቁጥሩን ትቶ ስለነበር ደወልኩለት። ሲያነሳ ከጀርባው የብረት ድምፅ ይሰማል።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ከጨዋታው ቢሮ ነው። ሐሳብ ልከውልን ነበር።»

«ከሁለት ወር በፊት!» አለ። «ፈጠናችሁ እኮ!»

የሚገባኝን ካጠጣኝ በኋላ ረጋ አለ። ሥራው ሊፍት መጠገን እንደሆነ፣ የዕረፍት ቀኑም ሐሙስ እንደሆነ ነገረኝ። እርስዎን ያውቅዎት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ፊቱን ካልሽኝ አላውቀውም። ቤቱንም አላውቅም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ተዋግተናል፤ ይሄ ካልተዛመደ ማን ሊዛመድ ነው?»

«ታዲያ በሩ ክፍት ሆኖ ለምን አይገቡም ነበር?»

«ሰው በሌለበት ቤት ገብቶ መምታት ምን ጀግንነት ነው?» አለና ትንሽ አሰበ። «ስሚኝ፣ ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው መቆየቱ አይደለም የሚያስጮኸው። መያዙን ያወቀለት የሌለ ሲመስለው ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ መፍቻዬን አላወጣም። በሩን አንኳኳና ‹አለሁ፣ እዚሁ ነኝ› እለዋለሁ። ፈረሶቹም እንደዚያው ናቸው። ሲመለስ እንዲያያቸው ነው።»

ከዚያ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሦስት ዓመት ያንገበገበኝን ጠየቅሁት። «ቀኝ እጁ ምን ሆኖ ነው?»

የብረቱ ድምፅ ቆመ። «አንዴ ጠይቄው ነበር፤ ‹እናቴ ይዛዋለች። ካስለቀቅኳት ትነቃለች› ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም። ስትነቃ ይነሳል፣ ስትተኛ ይመለሳል። በቃ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከጠረጴዛዬ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። የእናቱን እጅ ላለመልቀቅ በአንድ እጁ የሚዋጋ ሰው ስም አጠገብ «ሸሺ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ለጺሙና ለአለቃችንም ነገርኳቸው። ከሦስታችን ግምት አንዱም እዚያ አልደረሰም፤ የሚያሳፍረውም እሱ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው እንዳለ ነግረውን ነበርና።

አለቃችን ግን አለቃ ናትና «ለአንድ ሰው ብለን ሕግ እንለውጥ?» አለች።

«ሕጉንም ያወጣነው በአንድ ሰው ትዕግሥት ነው» አልኳት።

«ቁጥር አምጪልኝ» አለችኝ። አመጣሁላት። «ሸሺ» ካልናቸው ስድስት መቶ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመልሰው ነበር። የት ሄደው እንደነበር አናውቅም፤ በር ተንኳኩቶባቸው፣ ወጥ አርሮባቸው፣ ልጅ አልቅሶባቸው ይሆናል። አለቃችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ «ሦስት ደቂቃሽን አንሺው» አለች።

«ሸሺ» የሚለው ጽሑፍ ከእርስዎም ከሌሎቹም ስም ላይ ተነስቷል። ቁልፏም ተሠርታለች፣ በግራ እጅ በኩል ናት። አለቃችን «ለጊዜው አቁም» እንበላት ብላ ነበር፤ እኔ ግን እርስዎ ያወጡላት ስም ይሁን ብዬ ሙጭጭ አልኩ። «እመለሳለሁ» ሲሉ ጨዋታው ባለበት ይቆማል። ተጋጣሚው ወይ «እጠብቃለሁ» ይላል፣ ወይ ማንም ሳይሸነፍ በሰላም ይሰናበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠይቅዎት አድርጌያለሁ። ጺሙን ለምኜ ያን ሦስተኛ ጨዋታ ከመዝገብ አስመለስኩት፤ በተዘጋበት ሰከንድ ላይ፣ ጎተራው የአሥራ ዘጠኝ ቀን እህል እንደያዘ። ከዚያ በእርስዎ ስም «እመለሳለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። በሰው አፍ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። መመለስ ካልፈለጉ ያንሱት፤ ማንም አይቀየምዎትም። ጥድፊያ ግን ገና ሳልጨርስ «እጠብቃለሁ» ብሏል።

እርስዎ አሁን በምን ሁኔታ እንዳሉ አላውቅም። አራት ወር ረጅም ነው። ምናልባት ሁለቱም እጆችዎ ነፃ ይሆኑ ይሆናል፤ ይህን ስጽፍ ልቤ ፈራ። እንደዚያ ከሆነ አብሬዎት አዝናለሁ። ካልሆነም ደወሉ አሁንም በብልጭታ ነው፤ እናትዎን አይቀሰቅስም።

ጥድፊያ አንዲት ማሻሻያ ጠይቆናል። ጨዋታው ሲቆም ሁሉም ነገር መቆሙ አልተስማማውም። «ፈረሶቼ ቆመው ካያቸው የሄድኩ ይመስለዋል» አለ። ጺሙ አጉረመረመ፣ ሁለት ቀን ፈጀበት፣ ሠራው። «ይሠራ» ብዬ ምልክት ያደረግሁት በደስታ ነው። እናም ይህን በምጽፍበት ሰዓት እህልዎ አይጎድልም፣ ገበሬዎችዎ እንደቆሙ ናቸው፣ በርዎም እንደተከፈተ ነው፤ አርባው ፈረሰኛ ብቻ ዛፏን እየዞረ ነው።

ምንም ያህል ቢዘገዩ ለሐሳብዎ እኔው ራሴ በስሜ ፈርሜ መልስ እሰጣለሁ።

አክባሪዎ፣
በፊት ወይዘሪት ሦስት ደቂቃ ትባል የነበረችው