ቀዩ በርሜል ጋ ስጠብቅህ

ለውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነዘንዝህ ወገብህስ እንዴት አደረገህ? የእናታችን ዓይን ተሻላት ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ሆዴ ግን ባንተ ክፉኛ አዝኗል። «ደህና ነኝ» ብዬ ላልፈው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ስልኬን አላነሳ ስላልክ ነው መጻፌ።

ያንተም ጀልባ ከዚያ ማዶ፣ የኔም ጀልባ ከዚህ ማዶ፣ ሐይቁ መሀል የሁለቱን አገሮች ድንበር ከሚያሳየው ቀይ በርሜል ማለፍ አይፈቀድላቸውም ነበር። ጎን ለጎን አስረናቸው ቱሪስቶቹን እጅ በእጅ እንቀባበል ነበር። ያቺ ባልቴት ቱሪስት ስትሻገር ፈርታ አንገቴን አንቃ አልለቅም ያለች ጊዜ፣ በሳቅ ፍርስ ብለህ ገመዱን ልትለቀው ምንም አልቀረህም። እናታችን የምትልክልኝን የምቀበለውም እዚያው ነበር።

ሁለቱ አገሮች ተስማምተው አንድ ጀልባ ከዳር እስከ ዳር ቱሪስት ይጭናል፣ የሁለታችንም ወገን በተራ ይሠራል ሲባል ከኔ በላይ የተደሰተ የለም። ጀልባ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ የባለጀልባዎች ተወካይ አንተ ስለሆንክ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ «ወንድሜ እያለልኝ!» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። አንተም በስልክ «የመክፈቻው ዕለት ጠዋት በርሜሉ ጋ ጠብቀኝ፤ ጎን ለጎን ሆነን ወደባችሁ እንገባለን» አልከኝ። ጀልባዬን ቀለም ቀባኋት። ባለቤቴም ነጩን ሸሚዜን ተኩሳ አለበሰችኝ።

ጠበቅኩህ። ረፋዱ ላይ ብቅ ስትል እንደ ልማዳችን ሞተር አጥፍቼ ገመድ ወረወርኩልህ። ገመዱ ውሃው ላይ ወደቀ። አንተ ፍጥነትህን እንኳ ሳትቀንስ አለፍከኝ፤ ማዕበልህ ሸሚዜን አራሰው። ቱሪስቶችህ እጃቸውን አውለበለቡልኝ፣ ፎቶም አነሱኝ። አንተ ዞር ብለህ አላየኸኝም።

ቸኩሎ ነው ብዬ ተከተልኩህ። ወደቡ ስደርስ፣ አንተ ያልነገርከኝ የእኛ ወገን ጀልባዎች ምርመራ ጠዋት ተጀምሮ አልቋል። የወደቡ ቢሮ ጸሐፊ «ለምርመራ ያልቀረበ ተሰርዟል። ወንድምህ ጀልባዋ አርጅታለች፣ አትመጣም ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል። ተራህም ለሱ ተደርቧል» አለችኝ።

በርሜሉ ጋ ያቆምከኝ ወደቡ ላይ እንዳልገኝ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። አርጅታለች ያልካትን ጀልባ እኮ ቀዳዳዋን አብረን የደፈንናት እኔና አንተ ነን! ባዕድ ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። አንተን ግን በምን አፌ ልስደብህ?

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ልጆችህን ሳምልኝ፤ ትንሿን፣ «አጎቴ ዋና ያስተምረኛል» የምትለዋን፣ ደግመህ ሳምልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ከሥራ ስትገባ ሁልጊዜ «ታናሽህን አገኘኸው?» እንደምትልህ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ምን ብለህ መለስክላት? እሱን ብቻ ጻፍልኝ። እኔንም ከጠየቀችኝ ያንኑ እላታለሁ።

ታናሽህ
ከወደቡ ጀርባ ካለው ቤታችን
ኅዳር 12 ቀን