ከአራስ ቤት ኮርኒስ በላይ

ሰኞ

ከሕፃኑ ወንድሜ ጭንቅላት አንድ ስንዝር ርቆ ወደቀ። መጀመሪያ ጥቁር ጨርቅ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ጨርቁ ክንፉን ዘረጋ። የሌሊት ወፍ። እማዬ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ በጋቢ ተሸፈነች። እኔ ጮህኩ። ለጓደኞቼ አልጮህኩም ነው የምለው።

ጋሼ አያሌው፣ የአባባ ታላቅ ወንድም፣ መጥረጊያ ይዘው ገቡ። ወፏ ዞራ ዞራ የት አረፈች? የጃንሆይ ፎቶ ላይ። ጋሼ መጥረጊያውን እንዳነሱ ደርቀው ቀሩ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጃንሆይን በመጥረጊያ መምታት ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ በልባቸው ሲያሰሉ ታየኝ። "እሷው ራሷ ትውረድ" አሉ ቀስ ብለው። ሲመቻት ወርዳ በመስኮት ወጣች።

ሌሎቹ ግን ከኮርኒሱ በላይ አሉ። ይቧጥጣሉ። ልጁ ገና ሃያ አምስት ቀኑ ነው፤ አርባው ሞልቶ ክርስትና እስኪነሳ እማዬ ከዚህ ክፍል አትወጣም። እነሱ ናቸው መውጣት ያለባቸው።

ማክሰኞ

የእማዬ አክስት እማሆይ "በርበሬ አጥኑባቸው" አሉ።
"አራሷስ?" አልኳቸው።
"ብታስነጥስ ነው።"
"ሕፃኑስ?"
መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ጋሼ ቆርቆሮ እንንቀል አሉና መልሰው ራሳቸው ከለከሉ። ቤቱ ኪራይ ነው። ባለቤቱ ግራዝማች የሚኖሩት ሞጣ ነው፤ ውሉ ያለ ፈቃዳቸው ጣሪያ መንካትም ምስማር መምታትም ይከለክላል። ማመልከቻ ተጻፈ። ሁለት ገጽ። የሌሊት ወፎቹ የሚነሱት ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። አባባ ሞጣ ስለሚያስተምር እሱ እንዲያደርስልን ማመልከቻውን በአውቶቡስ ላክንለት።

"ጭቃ ግን ምስማር አይደለም" አሉ ጋሼ። በጠራራ ፀሐይ መሰላል አቁመው ከክዳኑ ሥር ያለውን ቀዳዳ መረጉት።  

ረቡዕ

ወፎቹ ቀን ቀን ውስጥ እንደሚተኙ ማንም አላሰበም፤ እኔም ጭምር። ትናንት ሲመሽ መውጫ አጡና ኮርኒሱ ላይ ባለው ቅዳጅ ወደ ክፍሉ ወረዱ። ኩራዙ ጠፋ። ክንፍ ፊቴን ነካኝ። የእማዬ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ "ልጄን፣ ልጄን።" በደረቴ ተስቤ በሩን ከፈትኩ። ጋሼ ውጭ ጭቃውን በጥፍራቸው ይፍቃሉ። እማሆይ ይጸልያሉ፤ መሐል ላይ "አያሌው፣ ቶሎ በል እንጂ" ይላሉ።

ቅዳጁ የእኔ ነው። እሑድ ምን እንደሚቧጥጥ ልይ ብዬ የኮርኒሱን አቡጀዲ በዘንግ ወጋሁት። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጠዋት የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጣ። ሕፃኑን ራቁቱን አድርጎ በባትሪ አየው፣ ጣት በጣት። ምንም አላገኘም። "ጥርሳቸው እንደ መርፌ ስለሆነ ላይታይ ይችላል። ቢያተኩሰው ወይም ጡት እንቢ ቢል አምጡት።"

ስለ ወፎቹም ነገረን። አይገደሉም፤ ትንኝ የሚበሉልን እነሱ ናቸው። መውጫቸው ላይ ጨርቅ ከላይ በኩል ብቻ ተመትቶ ይንጠልጠል፤ ሲመሽ ገፍተው ይወጣሉ፣ መመለሻውን ግን አያገኙትም። መብረር ያልቻለ ግልገል ካለ ይጠበቃል።
"በምስማር?" አሉ ጋሼ። "እንግዲያው ፈቃዱ ይምጣ።"

ሐሙስ

ደብዳቤ የለም። ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ቅዳጁን ሰፋሁ። ከአቡጀዲው ማዶ የሆነ ነገር ጣቴን ተራመደበት።
"መቼ ነው የተቀደደው?" አለች እማዬ።
ነገርኳት። ቀና ብላ ስፌቱን አየች።
"ስፌቱን አጥብቂው" አለች።

ዓርብ

ከሞጣ መልስ መጣ። ለሁለት ገጽ አንድ መስመር፦ "ጨርቁን ምቱ፤ ቆርቆሮዬን ግን እንዳትነኩ።" ድሬሰሩ ወጥቶ አየ፤ የማይበር ግልገል የለም። ጨርቁ ተሰቀለ። ሲመሽ አንድ በአንድ እየሾለኩ ወጡ። አርባ ሦስት ድረስ ቆጥሬ ጠፋኝ።

እሑድ

ትናንት ማታ አንድም አልወጣም። ዛሬ ድሬሰሩ ውስጡን አይቶ ባዶ ነው ሲል ጋሼ ቀዳዳውን ለሁለተኛ ጊዜ መረጉት። ዘዴውን ራሳቸው ያመጡት ይመስል ለጎረቤት ያስረዳሉ።

ከሰዓት በኋላ ግን ሕፃኑ ጡት አልይዝም አለ። እማዬ ሞከረች። ደግማ ሞከረች።  እኔ ግንባሩን ስዳስስ የሚሞቀው የእሱ ግንባር ይሁን የእኔ እጅ መለየት አቃተኝ። ጋሼ ድሬሰሩን ሊጠሩ ጫማቸውን አጠለቁ። በሩ ላይ ሲደርሱ ልጁ አፉን ከፍቶ ያዘ፤ እስኪያልበው ድረስ ጠባ።

እማሆይ ሣቁ። ጋሼ ተመልሰው ተቀመጡ። ጫማቸውን ግን እስካሁን አላወለቁም።