የኔልሲ እናት ዐፅም

ጥቅምት ፳ ቀን፤ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ከአራት ቀን። ፖሙች፣ ሜክሲኮ።

ለአብሮ አደጌ ለመንክር፤

እኛ ለሙታን ተዝካር እናወጣለን፤ እዚህ ግን ልጆች በየዓመቱ የወላጆቻቸውን ዐፅም ከሣጥን አውጥተው በብሩሽ ያጸዳሉ፣ ጥልፍ ጨርቁንም ይለውጣሉ።

ጎረቤቴ ኔልሲ ያለ አለቃ፣ በገዛ ካሜራዋ ዘጋቢና አጫጭር ፊልም የምትሠራ ናት። የሌላውን ሰው ሐዘን ለመቅረጽ አገር ላገር ስትዞር የእናቷን ዐፅም ሳትጎበኝ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ይህንኑ በደሏን ፊልም ልታደርገው ስለፈለገች፣ ዛሬ ረፋድ ላይ አብረን ወደ መካነ መቃብሩ ገባን። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ዐፅሙ አቧራ አልነካውም፤ ጨርቁም አዲስ ነበር።

«ማን ነው ያጸዳት?» አለች።

ጠባቂው ዶን ቬናንሲዮ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ፊልሙ አናትሽ ላይ ወጣ እንዴ? በየዓመቱ የምትመጪው አንቺ! ትናንትም እንደ ልማድሽ ሰላምታ ነፍገሽኝ ሄድሽ።»

«ትናንት ሜሪዳ ከተማ ነበርኩ፤ ጋሼን ይጠይቋቸው!»

እውነቷን ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ከእኔ ጋር ነበረች። ይህን ስነግረው ሽማግሌው አማተበ።

ኔልሲ ካሜራዋን አጠፋችው። የጸዳውን ዐፅም አንድ በአንድ እንደገና ጠረገችው። «ያቺኛዋ ስትመጣ፣ ከእንግዲህ እኔው እመጣለሁ ብላለች ይበሏት።»

«ኧረ ራስሽ ንገሪያት!» አለ ወደ በሩ እያፈገፈገ።

መንክር፣ የካርዱ ቦታ ጠበበኝ። ለባለቤትህ ለወይዘሮ ስኂን የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የእናቴን መቃብር ካየሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ እባክህ ቡልጋ ሂድና ሣሩን እይልኝ። ታጭዶ ብታገኘው ግን፣ ማን እንዳጨደው አትጠይቅ።

ካርዱን በፖስታ አሽጌ እልክልሃለሁ።