ለአባባ የቀረው ቃል

ለምወድህም ለምቆጣህም ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እግርህ ላይ ያየሁት ቁስል ደረቀልህ? ብርዱስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። አባባም አለ። አለ ነው የምልህ፤ ደህና ነው አላልኩህም።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህን ሰው አምነዋለሁ፤ ቢሆንም ስምህን አልጽፍም። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው።

የጥምቀት ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወርዶ፣ አባባ ጉልበቱን አሞት፣ እኔም እሱን ልጠብቅ ቤት ቀርተን ነበር። ጥምጥም ጠምጥመህ፣ መቋሚያ ይዘህ ስትገባ ቄስ መስለኸኝ ወንበር ልስብ ተነሳሁ። እሱ ግን ወዲያው አወቀህ። ሞተ ብሎ ቁርጡን ያወቀውን ልጁን አቅፎ ሳቀ። አብዮት ጥበቃዎቹ በደጅ ሲያልፉ ሰምተህ በጓሮ ስትወጣ፣ ይህ ሳቅ ለብዙ ጊዜ ስንቅ ይሆነኛል ብለኸኝ ነበር። ስንቅህን ልነጥቅህ አልፈለግሁም። ነገር ግን አንተ አጥሩን እንደዘለልክ ራሱን ይዞ ጮኸ። አፉ ወደ ግራ ተጣመመ፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት።

ከታቦት የሚመለሱትን ጎረቤቶች ጠርቼ በቃሬዛ ሆስፒታል አደረስነው። ዶክተር ሀብተሥላሴ የሚባል ረጋ ያለ ሐኪም ተቀበለንና ነገሩን በቀስታ አስረዳኝ። ወይ ደም ረግቶ የአንጎሉን ሥር ደፍኖታል፣ ወይ ሥሩ ፈንድቶ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ለረጋው ደም የሚያቀጥን መርፌ አለ። ያው መርፌ ደም ለሚፈሰው ከተሰጠ ይገድላል። ሁለቱን የሚለይ፣ አንጎልን ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ እዚህ የለም፤ ያለን ራጅ የሚያሳየው አጥንቱን ብቻ ነው።

«ስለዚህ የእኔ ፎቶ አንቺ ነሽ» አለኝ። «ሲጀምረው ምን እያደረገ ነበር? አጠገቡስ ማን ነበር?»

ከኋላዬ ማን ቆሟል መሰለህ? የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ የመጣው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደሴ ነው። ባገኘኝ ቁጥር አንተን ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ስለዚህ ተኝቶ ነበር፣ ሲነቃ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት አልኩ።

እንቅልፍ ላይ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ደም ነው ብሎ ዶክተሩ መርፌውን አዘዘ። ሲስተር ወርቅውሃ የአባባን ክንድ በአልኮል ስትጠርግ ሳይ እጇን ያዝኩት። ኧረ አልተኛም ነበር፣ ቆሞ እየሳቀ ሳለ ራሱን ይዞ ጮኾ ወደቀ አልኩ።

ከማን ጋር ይስቅ እንደነበር ጠየቀኝ። ብቻውን ነበር አልኩት። ጓድ ደሴን አየው፤ እኔን አየኝ፤ እንዲህ ድንገት ራስን ይዞ የሚያስጮኸው የሚፈስ ደም ነው ብሎም መርፌው እንዲመለስ አዘዘ። ስለዚያ ሳቅ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ዕድሜ ይስጠው።

አባባ ተረፈ። ንግግሩ ግን ጠፍቶ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። ውሃ ሲፈልግ «መጣ»፣ ሲያመውም «መጣ»፣ ሲያማትብም «መጣ» ነው የሚለው። ማን እንደመጣ እኔ አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢያውቅ ግን አለቀልን። በሽተኛ ልጠይቅ ብሎ በሚመጣ ሰው ላይ ደግሞ በር አይዘጋም። ቤታችን እየሞላ ይፈስሳል፤ እኔም በያንዳንዱ ጠያቂ እሳቀቃለሁ።

ጓድ ደሴም ብርቱካን ይዞ መጣና ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«ምነው አያ፣ ማን መጣ?» አለው።

«መጣ» አለ አባባ።

እንደገና ሊጠይቀው ሲያጎነብስ ቀደምኩት። «ሞት ነው» አልኩ። «ሞት መጣ ማለቱ ነው።»

ከጠያቂዎቹ መካከል የነበረችው እትዬ ሸዋረጋ ደረቷን መታች፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ደሴም ቆቡን አወለቀ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ የአንጎል ፎቶ ማንሻው አዲስ አበባ ገብቷል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ወስደሽ ብታስመረምሪው ሕክምናውን በግምት ሳይሆን አውቀን እንቀጥላለን አለኝ። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ልለምነው ስሄድ ደሴ አልተቆጣኝም፤ እንዲያውም አዘነልኝ። ሞት መጣ የሚልን ሰው በመንገድ ምን ታንገላቺዋለሽ፣ እዚሁ ቤቱ ይረፍ ብሎ ከለከለኝ። ሞት ማለቱ አይደለም ብለው፣ ታዲያ ማንን ነው ሊለኝ ነው። በገዛ አፌ የአባባን መንገድ ቆልፌ ተቀመጥኩ። በአንተም ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው፣ እስኪበቃኝ ረገምኩህ።

አሁን አልረግምህም። ያን ዕለት ሞት ነው ስል አባባ ቀና ብሎ አይቶኝ ነበር። አንደበቱ ነው እንጂ የተያዘው ልቡ ሁሉን ይሰማል። ከዚያ ጀምሮ ሰው ሲገባ ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል። ቢጠማውም፣ ቢያመውም ትንፍሽ አይልም። ምላሱ እንዲፈታ ያቺኑ የቀረችህን ቃል ደጋግመህ በላት ብሎ ዶክተሩ ሲለምነው እንኳ ጭጭ ነው። ዶክተሩ በሽታው የባሰበት መስሎት አዝኗል። ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ በሩን ስዘጋ ግን እጄን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ ይላታል።

ለፋሲካ ብቅ እላለሁ ማለትህን ሰምቻለሁ። አትምጣ።

የቁስቋሟ እመቤት ከክፉ ዓይን ትሰውርህ፤ ያለህበትን መሬት ታለስልስልህ። አባባም እየጻፍኩልህ መሆኑን ነግሬው በግራ እጁ አማትቦልሃል።

እህትህ